የአብርሃም እንግዶች በእሪ በከንቱ

ከሌላ ኮከብ የመጡ ሰዎች ለጥቂት ቆሜ እንድቀር አድርገውኝ ነበር። ስቃችሁ ከሆነ አልቀየማችሁም፤ እኔም ዛሬ እየሳቅሁ ነው የምጽፈው። ያን እሑድ ግን፣ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ የነጠላዬን ጥለት ስነክስ፣ ሳቅ የሚባል ነገር አጠገቤ አልነበረም።

መጀመሪያ አባቴን ልንገራችሁ። አባዬ፣ አቶ ወርቅነህ፣ ኤሌትራውቶ ነበር፤ የመኪና ባትሪና ዲናሞ፣ መብራትና ጥሩምባ የሚጠግን። ከልጅነቱ ጀምሮ ፒያሳ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ስለሠራ ጣሊያንኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ያነባልም። አብዮቱ መጥቶ ጋራዡ ሲወረስ ጣሊያኑ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሲሄድ ለአባዬ አንድ ሳጥን መፍቻና ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ተወለት። መፍቻዎቹ አሳደሩን። መጽሐፉ ግን ጉድ ይዞብን መጣ።

መጽሐፉ የሚለው፣ አባዬ እንደነገረን፣ እንዲህ ነው። የጥንት ሰዎች አማልክት እያሉ የሰገዱላቸው፣ በእሳትና በነጎድጓድ ከሰማይ ሲወርዱ አየን ብለው የጻፉላቸው ሁሉ ከሌላ ኮከብ በመኪና የመጡ መንገደኞች ናቸው። ሕዝቡ መኪና አይቶ ስለማያውቅ ወድቆ ሰገደ፤ በቃ።

አባዬ ይህን ካነበበ በኋላ ሰማዩም ምድሩም ሌላ ሆነበት። ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ዐረገ ሲባል፣ «ነዳጁስ ከየት ነበር?» ይላል። ነቢዩ በመንኮራኩር ውስጥ ሌላ መንኮራኩር አየ ሲባል፣ «ዲናሞ ነዋ!» ይላል። ላሊበላን መላእክት ሌሊት ሌሊት እየወረዱ አገዙት የተባለ ዕለትማ ጭኑን መትቶ «የሌሊት ፈረቃ!» አለና ቀኑን ሙሉ ሲደሰት ዋለ። ቤተ ክርስቲያን መሳም ግን አንድም ቀን አላቋረጠም። «እግዜርን መቼ ካድኩ? እግዜር ጎረቤት ፈጥሮልናል ነው የምለው» ይል ነበር። የአራዳ ልጆች መቼም ስም ለማውጣት አይሰንፉም፣ «ወርቅነህ ጠፈር» አሉት። ፒያሳ ብቅ ሲል ከየበረንዳው «ጋሼ ጠፈር፣ ዛሬስ የወረደ አለ?» ይሉታል። እሱም ሳይቆም፣ «ወርደው ነበር፤ የታክሲ ሰልፉን አይተው ተመለሱ» ብሎ ያልፋል።

እኔ ሮማን እባላለሁ። ያኔ ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ግርማ መካኒክ ነው፤ የሚያስመታው ጽሑፍ ይዞ መጥቶ፣ ጽሑፉ ካለቀ በኋላም ሌላ የሚያስመታ ነገር እየፈለገ መምጣቱን አላቆመም። ተዋደድን። ልንጋባ ተነጋገርን፤ ቀስ ብለን፣ ተዘጋጅተን ነበር ሐሳባችን። በመሀል ግርማ ወደ አሰብ ወደብ ተዛወርክ ተባለ። በደርግ ጊዜ መዛወር አብዮታዊ ግዴታ ነው፤ እንቢ አይባልም። ማክሰኞ ይሄዳል፣ ፈቃድ መቼ እንደሚሰጠው የሚያውቅ የለም። ቃል ሳይታሰር ከሄደ ደግሞ የእማዬ አክስት መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ አንድ ነጋዴ አዘጋጅታልኛለች። አክስቲቱ የያዘችውን አትለቅም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዚያች በአንዲት እሑድ ላይ ተንጠለጠለ።

ግርማ ሽማግሌ ሲመርጥ እንደ መካኒክ አሰበበት። ለእግዜሩ መምሬ ኃይሌን፣ የቤተሰቡን የነፍስ አባት፣ መረጠ። ለአንደበት ሐጂ ሰይድን፣ አፍንጮ በር ጎረቤቱ የሆኑትን የወሎ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። ሐጂ ሰይድ የተጣላ አስታርቀው፣ የተፋታ መልሰው የማያውቁበት ቤት በሰፈሩ የለም ይባላል። ለመንግሥት ደግሞ ጓድ ምትኩን፣ የቀበሌውን የውይይት ክበብ መሪ። «እግዜርን የማይፈራ አባት እንኳ ቀበሌን ይፈራል» አለኝ ግርማ። እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር።

የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባዬን አፍ። መምሬ ኃይሌ ስለ ሰማይ ሰዎች ቢሰሙ «ከመናፍቅ ቤት አናጋባም» ይላሉ። ሐጂም ቢሆኑ መላእክትን መካኒክ ሲያደርጋቸው ዝም አይሉም። ጓድ ምትኩ ደግሞ መዝገብ ያለው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ «ጸረ ሕዝብ» የምትባል አንዲት ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰች የሚያውቅ ያውቃል። እማዬም ይህን ስለምታውቅ ከጠዋት ጀምሮ አባዬን ይዛ አስጨነቀችው።

«ስማ፣ ዛሬ ስለ ሰማይ ሰዎች አንዲት ቃል ከአፍህ ትውጣና!»

«አላነሳም አልኩሽ እኮ በላይነሽ።»

«በሥላሴ ማልልኝ።»

«በሥላሴ! እኔ አላነሳም።»

እማዬ ልቧ አረፈ። እኔ ግን «እኔ» የምትለዋን ጠንከር አድርጎ ሲናገራት ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ሥርዓቱን ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ በር ላይ ይቆማል። ተቀመጡ ቢባል አይቀመጥም፤ «ጉዳይ አለን» ይላል። ባለቤቱ «ጉዳያችሁ ምንድን ነው?» ይላል፣ ይናገራሉ፣ ይለምናሉ። መልስ እስኪያገኙ ድረስ የቤቱን እህል ውሃ አይቀምሱም። እህል መቅመስ ማለት ጉዳዩ አልቋል ማለት ነው። ባለቤቱም ቢሆን የመጡበትን ራሱ አያነሳም፤ ከእነሱ አፍ መውጣት አለበት። ልጅቷ ደግሞ ጓዳ ሆና እንደሌለች ትቆጠራለች።

ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስቱ ቁልቁለቱን ወርደው ደረሱ። እኔና እማዬ በመጋረጃው ቀዳዳ እናያለን። በራችን ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ የአያቴ ሥዕል አለ፤ ሥላሴ በአብርሃም ቤት፣ ሦስት ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌዎች ማዕድ ቀርበው፣ አብርሃም ጎንበስ ብሎ ሲያስተናግዳቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎቻችን ልክ በሥዕሉ ትይዩ ቆሙ። ጓድ ምትኩ ሥዕሉን ላለማየት ጣራውን ማየት ጀመረ።

«ቤት ለእንግዳ፣ ተቀመጡ እንጂ» አለ አባዬ።

«አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን» አሉ ሐጂ ሰይድ። አጀማመራቸው ማር ነበር።

ከዚያ መምሬ ኃይሌ መስቀላቸውን አወጡና ቀና ብለው ሥዕሉን አዩ። «የአብርሃምን ቤት በእንግድነት ገብቶ የባረከ አምላክ ይህን ቤት ይባርክ!»

«አሜን!» አለ አባዬ። ጉሮሮውን ጠረገ። «መምሬ፣ ካነሱት አይቀር…»

እማዬ ክንዴን ጨመቀችኝ። «አለቀልሽ» አለች።

«ካነሱት አይቀር» አለ አባዬ፣ «እነዚያ ሦስት እንግዶች ከየት ነው የመጡት?»

«ከሰማይ ነዋ» አሉ መምሬ።

«ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? በምን መጡ?»

«በምን መጡ ይባላል? ፈቅደው መጡ።»

«ፈቅደውስ ይሁን፤ ግን ተጉዘዋል። እግራቸውን ታጠቡ ተብሎ ተጽፏል። ከሰማይ በእግሩ የመጣ የለም፤ ግን ከቆሙበት ሜዳ እስከ ድንኳኑ ድረስ አቧራ ነክቷቸዋል ማለት ነው። የቆሙበት ሜዳ ላይ ምን ነበር? መኪናቸው ነበር!»

መምሬ ኃይሌ መስቀሉን ኪሳቸው ከተቱት። እጃቸው ለክርክር ነጻ እንዲሆን መሆኑ ነው። «አቶ ወርቅነህ፣ ይሄ የሥላሴ ምሥጢር ነው። በመኪና አይፈታም።»

«ምሥጢር መሆኑን መቼ ካድኩ? መኪናም እኮ ለማያውቀው ምሥጢር ነው።»

ያኔ ሐጂ ሰይድ ጉዳዩን ሊመልሱት አሰቡ መሰለኝ፣ ለስለስ ብለው ገቡ። «ወንድሜ ወርቅነህ፣ በእኛም ኪታብ የኢብራሂም እንግዶች አሉ። መላኢኮች ናቸው። መላኢካ ደግሞ መኪና አይነዳም፤ አይበላም፣ አይጠጣም። ጥብሱን አቀረበላቸው፣ እጃቸው ወደ ማዕዱ አልተዘረጋም። ኢብራሂም ያኔ ፈራ። እንግዳ እህል ካልነካ ጉዳይ አለው ማለት ነውና።»

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝና በልተዋል» አሉ መምሬ።

«አልበሉም።»

«በልተዋል። አበላላቸው እሳት ቅቤ በላ እንዲሉ ነው እንጂ በልተዋል።»

«ወላሂ አልበሉም! በልተው ቢሆን ኢብራሂም ለምን ፈራ?»

«በእኛ ዘንድ አልፈራም።»

አባዬ እጁን አጨበጨበ። «አያችሁ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው! ከበሉ ሆድ አላቸው። ሆድ ካላቸው እንደኛ ፍጡር ናቸው፣ ከሌላ ኮከብ የመጡ። ካልበሉ ደግሞ ሐጂ ልክ ናቸው፤ እኔ ተሸነፍኩ።»

ሐጂ ሰይድ ጉልበታቸው ያማቸዋል። የመጀመሪያውን ስህተት የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለክርክሩ ነው የተቀመጥኩት» አሉ፣ «ለሌላ አይደለም።» መምሬም ተቀመጡ። የቀረው ጓድ ምትኩ ነው።

ጓድ ምትኩ እስካሁን ጣራ እያየ ነበር። አሁን ግን ትዕግሥቱ አለቀ። «ጓዶች!» አለ። ከዚያ መምሬን አይቶ፣ «አባቶች!» ብሎ አረመው። «እንግዳም አልመጣም፣ የተበላም የለም። ይሄ ሁሉ የሰፊው ሕዝብ ንቃተ ኅሊና ባልዳበረበት ዘመን የተፈጠረ ነው።»

«እሺ፣ አክሱምንስ ማን አቆመው?» አለ አባዬ። «ያን የሚያህል ድንጋይ ያለ ክሬን?»

«ሰፊው ሕዝብ! በላቡ!»

«ብቻውን?»

ጓድ ምትኩ አባዬን ትኩር ብሎ አየው። «አቶ ወርቅነህ፣ የጭቁኑን ሕዝብ ሥራ ነጥቆ ለሰማይ መስጠት ምን እንደሚባል ያውቃሉ?»

እማዬ አይኗን ጨፈነች። እኔ ግርማንም፣ አሰብንም፣ ነጋዴውንም ረሳኋቸው፤ ያየሁት አባቴ በአብዮት ጥበቃ መኪና ሲጫን ነው።

አባዬ ግን የገባው አይመስልም። እንደውም ወደ ጓድ ምትኩ ጠጋ ብሎ፣ በዝግታ፣ አንድ ባለሙያ ለሌላው እንደሚያስረዳ ማስረዳት ያዘ። «ጓድ፣ እስቲ ልጠይቅህ። ያ መኪና ከኮከብ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ መንገድ ላይ ባትሪው አላለቀም? ዲናሞው አልተቃጠለም? ማን ጠገነው? ንጉሡ? ጌታው? ኤሌትራውቶ ነው የጠገነው! እዚያ ላይም ላብ አደር አለ ጓድ። እጁ ዘይት የነካ ሰው ሳይኖር ከሰማይ የሚወርድ ነገር የለም። ያ ላብ አደር ነው ወርዶ ያንን የእኛን ላብ አደር ያገዘው። ሌላ ምን አልኩ?»

የጓድ ምትኩ ትከሻ ተነቀነቀ፤ መጀመሪያ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነበር። ሳቁ ያልለመደበት ሰው ሳቅ ነው፣ እያነቀው ይወጣል። «የላብ አደሩ ዓለም አቀፍነት ሲባል ይሄን ያህል ሰፊ መሆኑን አላሰብኩም ነበር» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በላይነሽ!» አለ አባዬ ወደ ጓዳ። «ዳቦውን አምጪው፤ ነገሩን በማዕድ እንፈትሸው።»

እማዬ ከድፎ ዳቦው ፊት ቆመች። «እንዳይቀርብ» አልኳት በሹክሹክታ። «ባል በእንግዳ ፊት አምጪ ሲል እንዳይቀርብ ይባላል?» አለችኝና ወሰደችው። ለሐጂ ለብቻ አዲስ ሰሃን፣ ለሁሉም ብርዝ። ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «አይነኩም» አለች። «ሽማግሌ ናቸው፤ ሥርዓት ያውቃሉ።»

አሁን እዩልኝ እንግዲህ። መምሬ ኃይሌ ዳቦውን ባርከው ቆረሱና «እንዲህ አድርገው በልተዋል!» እያሉ ለማሳየት ጎረሱ። ሐጂ ሰይድ «እኔ መላኢካ አይደለሁም፣ የኢብራሂም እንግዳ ግን እንዲህ አላደረገም!» እያሉ ለማሳየት ጎረሱ። ጓድ ምትኩ ደግሞ «መጀመሪያ ቁስ አካል ነው» አለና ከሁለቱም አስበልጦ ጎረሰ። ሦስቱም ለየእምነታቸው በሉ።

«በሉ!» አለች እማዬ፣ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ። «በሉ እኮ ሮሚ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝምባችሁም። ዳቦው አለቀ፣ ብርዙ ተደገመ። ክርክሩ ከአብርሃም ወደ ላሊበላ፣ ከላሊበላ ወደ ግብፅ ተሻገረ። በአንድ ጊዜማ መምሬና ጓድ ምትኩ ተባብረው አባዬን ሲያጠቁት ሰማሁ። አባዬ ፊቱ በርቷል። ያን ሁሉ ዓመት ሲስቁበት እንጂ ሲከራከሩት አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ በየመሀሉ «አሁን ያነሱታል፣ አሁን ያነሱታል» እላለሁ። በመጨረሻ ሐጂ ሰይድ ሰዓታቸውን አዩና ተነሱ። መምሬ አመሰገኑ፣ ባረኩ። ጓድ ምትኩ የአባዬን እጅ ጨብጦ ነቀነቀ። አባዬ እስከ በር ሸኛቸው። በሩ ተዘጋ።

አንዳቸውም ስሜን አላነሱም።

እማዬ ተቀመጠች። «ረሱት» አለች። አባዬ ተመልሶ መጥቶ ባዶውን ሰሃን እያየ ቆመ። «ለምን አልጠየቅካቸውም?» አለችው። «እንግዳ ለምን መጣህ ይባላል እንዴ?» አላት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ፊቱን ሳየው የሆነ ነገር ገባኝ፤ አልረሳውም ነበር። እነሱ እንደረሱት አውቋል፣ ዝምም ብሏል።

በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ሊሆን ይችል ነበር። እዚያው ጓዳ አልቅሼ፣ ግርማ ማክሰኞ ሄዶ፣ አክስቲቱ ሐሙስ መጥታ፣ ዛሬ የአንድ ነጋዴ ሚስት ሆኜ የሱቅ ሂሳብ እየሠራሁ እገኝ ነበር። ይኼኛው ቀረ። መጋረጃውን ገለጥኩ፣ በነጠላ ጫማ ወጣሁ፣ ሮጥኩ።

ሽማግሌ የተላከባት ልጅ መንገድ ላይ ስትሮጥ ሰፈራችን እሪ በከንቱ አይቶ አያውቅም። «ኧረ ሮማን ምን ሆነች?» ሲሉ ይሰማኛል። ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ። አንዱ ጫማዬ አመለጠኝ፣ ተመልሼ አነሳሁት፤ በእጄ ይዤው ሮጥኩ። ፒያሳ ልደርስ ስል አየኋቸው፤ ሦስቱም እጃቸውን እያወናጨፉ፣ አሁንም እየተከራከሩ። ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ኬክ ቤት በረንዳ ላይ፣ ግርማ የቀዘቀዘ ማኪያቶ ይዞ መልስ ይጠብቃል። አንድ ጫማ በእግሬ፣ አንድ በእጄ አድርጌ ስሮጥ ሲያየኝ ከነስኒው ብድግ አለ። ኋላ እንደነገረኝ፣ አባትሽ ያባረራቸው መስሎኝ ነበር አለ።

«አባቶቼ!» አልኩ። ትንፋሼ ተቆርጧል። «አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝና… የመጣችሁበትን አልተናገራችሁም።»

ሦስቱም ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ የገባቸው መምሬ ኃይሌ ናቸው፤ እጃቸው ወደ ጢማቸው ሄደ፣ ጢማቸው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር። «እግዚኦ!» አሉ። «እህል ቀምሰናል!»

ሐጂ ሰይድ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ስንት ዓመት ሽምግልና፣ ያ አላህ! ስንት ዓመት!»

«ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል» አለ ጓድ ምትኩ። እየቀለደ አልነበረም።

«ምን ግለ ሂስ አለው!» አሉ መምሬ። «በልተን ወጥተናል፤ አሁን ተመልሰን ምን ብለን እንቆማለን? ሥርዓት ፈረሰ።»

የድንጋይ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ሐጂ ሰይድ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው አዩኝ። እንደ ልጃቸው ነው ያዩኝ። ከዚያ የሽምግልናቸው ስም በከንቱ እንዳልወጣ አሳዩ።

«መምሬ፣ ስንቀመጥ ምን ብዬ ነበር የተቀመጥኩት?»

«ለክርክሩ ነው አሉ።»

«ይኸው! የበላነው የክርክሩን ዳቦ ነው። ሽማግሌ ሆነን ገና አልገባንም። ጉዳይ ያልተናገረ ሽማግሌ አይባልም፤ እንግዳ ነው። አሁን ግን ሽማግሌ ሆነን እንገባለን።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጄ፣ በጓሮ ግቢ። አላየንሽም።»

ግርማን አላየሁትም፤ ማለቴ አይቼዋለሁ፣ ግን እንዳላየሁት ሆኜ ጫማዬን አጥልቄ ተመለስኩ።

በጓሮ ገብቼ መጋረጃው ጀርባ ስደርስ በሩ ተንኳኳ። አባዬ ከፈተ። ሦስቱ ቆመዋል፣ ከሥዕሉ ትይዩ፣ አሁን ቀጥ ብለው። የመምሬ ጢም ተራግፏል።

«ተቀመጡ» አለ አባዬ።

«አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን።»

«እህል ቅመሱ» አለ። እማዬ ሁለተኛውን ዳቦ ይዛ ወጣችና አስቀመጠችው። እጅ የሚባል አልተዘረጋም። ጓድ ምትኩ እንኳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር።

አባዬ ዳቦውን አየ። ሰዎቹን አየ። ሥዕሉን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እሱ ራሱ ተቀመጠ።

«ሐጂ፣ ልክ ነዎት» አለ። «ኢብራሂም ፈርቷል። አሁን ገባኝ። የሚበላ እንግዳ ላንተ ብሎ የመጣ ነው። የማይበላ እንግዳ ካንተ ሊወስድ የመጣ ነው።»

«ብትረሱት ብዬ ነበር» አለ አባዬ። «እውነቱን ልንገራችሁ። ስትወጡ ረስተውታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ደግሞ አሰብ!»

እኔ መጋረጃው ጀርባ አለቀስኩ። እማዬም አለቀሰች፣ ግን ለእሱ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

ሐጂ ሰይድ ያኔ ጠየቁ። እንደ ሥርዓቱ ጠየቁ፤ ከቤተሰቡ፣ ከዘሩ፣ ከልጁ ጠባይ ጀምረው፣ አንድ ቃል ሳያጓድሉ። ሲጨርሱ እንዲህ ብለው ጨመሩ። «እነዚያም እንግዶች እኮ ወንድሜ፣ ልጅ ሊያበስሩ ነበር የመጡት። ሊወስዱ አልነበረም።»

አባዬ በጣቱ ዳቦውን ወደ እነሱ ገፋ አደረገው።

«እንግዲያውስ ብሉ» አለ።

በዚያች አንዲት ቃል ተዳርኩ። ማክሰኞ ግርማ ቃሉን አስሮ ሄደ፤ እኔም ፈቃድ አግኝቶ ሲመለስ ሠርጉ በቤታችን ቅልብጭ ብሎ ካለፈ በኋላ ተከተልኩት። አሰብ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ሰማዩ ግን አባዬ እንደተመኘው ጥርት ያለ ነው። ስልክ በተገኘ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነበር። «ሮሚ፣ የወረደ አለ?» እኔም «ወርደው ነበር፣ ሙቀቱን አይተው ተመለሱ» እለዋለሁ። በሽቦው ውስጥ ሲስቅ ይሰማኛል።

ሦስቱ ሽማግሌዎችም ከዚያ ቤት አልጠፉም። እማዬ እንደምትለው በየእሑዱ ከሰዓት አንዱ ወይ ሌላው፣ አንዳንዴም ሦስቱም ብቅ ይሉ ነበር። ክርክሩ አላለቀም፤ መምሬ አልተለወጡም፣ ሐጂ አልተለወጡም፣ ጓድ ምትኩም እስከ መጨረሻው ማንም አልመጣም ባይ ነበር። አባዬም አልተለወጠም። ግን ወርቅነህ ጠፈር ብቻውን ሰማይ የሚያይ ሰው መሆኑ ቀረ። እኔ ሄጄበት በባዶ ቤት ይቀራል ብዬ ስንት ተጨንቄ ነበር!

አንባቢዎቼ፣ ከሌላ ኮከብ የመጣ እንግዳ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም። መምሬ ኃይሌም፣ አባዬም አሁን እዚያው ላይ ናቸው፤ ከሁለት አንዳቸው አሸንፎ ይሆናል። እኔ ከዚያ እሑድ የተረፈኝ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዬን ለሌላ ሰው አፍ ሰጥቼ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ አላውቅም። በሥራም፣ በቤትም፣ በሐኪም ፊትም፣ «ይቅርታ፣ የመጣሁበትን ልናገር» ማለት ለመድኩ። ሴት ልጅ አፍ አውጥታ ስትናገር የሚገረም ቢኖር፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ፒያሳ የወጣሁ ነኝና ግድ የለኝም። ይህን የምለው በኩራት ነው።

ሌላው ነገር የገባኝ ግን ገና አምና ነው። የእኔም ልጅ ደረሰች፤ ሽማግሌ መጣባት። እኔና ግርማ ተቀበልናቸው፤ ያ የአያቴ ሥዕል አሁን የእኛ ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ሦስቱ ከሥዕሉ ትይዩ ቆሙ። ዳቦ አቀረብኩ። እጃቸው አልተዘረጋም። ልጁ ጥሩ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጄ እንደምትወደውም አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ልቤ ደነገጠ፣ የአባቴን ፊት በራሴ ፊት ላይ አወቅሁት። አንድ ወሬ ላነሳባቸው አሰብኩ፤ ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ ምንም፣ ብቻ በልተው እንዲረሱት።

ዞር ስል በመጋረጃው ሥር የልጄን እግር አየሁ። ባዶ እግሯን ናት፤ ጫማዎቿ ከእጇ ተንጠልጥለው ይታያሉ።

«ብሉ» አልኳቸው፣ ሮጣ ሳትወጣብኝ።